እግር ምትን ሲከተል፦ ከሐይቅና አምባሰል እስከ ስትሮክ ሕክምና

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ ሐይቅ ከተማ ትደርሳላችሁ። ከከተማዋ አጠገብ ሐይቁ፣ ወደ ሐይቁ ገባ ባለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ደግሞ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። መንገዱን ወደ ሰሜን ከቀጠላችሁ ውጫሌን ታገኛላችሁ፤ አዎ፣ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ስሙን የወሰደባት ውጫሌ። ያ አገር አምባሰል ነው።

ብዙዎቻችሁ ግን አምባሰልን መጀመሪያ ያወቃችሁት በካርታ ሳይሆን በጆሯችሁ ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ ነው። ማሪቱ ለገሰ ስትጫወተው የሰማ ሰው፣ ተራራውን ሳያይ ተራራውን ያወቀ ይመስለዋል።

ዛሬ ላነሳላችሁ የፈለግሁት ጥያቄ ከዚህ የራቀ ሊመስል ይችላል። በስትሮክ ግማሽ ጎኑ የደከመ ሰው በሙዚቃ እርዳታ እንደገና መራመድ ሊማር ይችላል? ለዚህ ጥያቄ ሁለት ችኩል መልሶች አሉ። አንዱ «ሙዚቃ መዝናኛ ነው፤ ሕክምና ሌላ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «አባቶቻችን ይህን ሁሉ ድሮ ያውቁት ነበር» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። እውነቱ በመካከል ነው፤ ታሪኩም የሚጥመው እዚያ ላይ ነው።

ሞተሩ ደህና ነው፣ መሪው ነው የተጎዳው

ስትሮክ ማለት ወደ አንጎል የሚሄደው ደም በድንገት ሲስተጓጎል የሚደርስ ጉዳት ነው። አንዳንዴ የረጋ ደም ቧንቧውን ይዘጋል፣ አንዳንዴ ቧንቧው ይፈነዳና ደም ይፈሳል። ደም ያላገኘው የአንጎል ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ መሞት ይጀምራል። የአንጎል ግራ ክፍል የሚያዘው የሰውነትን ቀኝ ጎን ስለሆነ፣ ግራው ሲጎዳ ቀኝ እጅና እግር አልታዘዝ ይላሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የታማሚው እግር ጡንቻ አልተጎዳም፣ አጥንቱም አልተሰበረም። የጠፋው ትእዛዙ ነው። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ እንዲህ ብዬ ነው የማስበው፦ ሞተሩ ደህና ነው፤ የተበላሸው መቆጣጠሪያው ነው። መራመድ ደግሞ ከጉልበት ይልቅ የሰዓት ጉዳይ ነው። አንዱ እግር መሬት ሲለቅ ሌላው ክብደቱን መቀበል አለበት፤ ጡንቻዎች በተራቸው መኮማተርና መላላት አለባቸው። ከስትሮክ በኋላ የሚበላሸው ይህ ተራ ነው። ደህናው እግር ይቸኩላል፣ የደከመው ይዘገያል፣ አንዱ እርምጃ ረጅም፣ ሌላው አጭር ይሆናል።

ደግነቱ አንጎል ራሱን መልሶ ማደራጀት ይችላል። ያልተጎዱት ክፍሎች በልምምድ ብዛት የተጎዱትን ሥራ በከፊል ይረከባሉ። ለውጡ በጣም የሚፈጥነው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው። ታዲያ ብዙ ቤት ውስጥ በእነዚህ ወራት ምን ይደረጋል? በፍቅር ብዛት «አይድከም፣ ይተኛ» ይባላል። የሚያሳዝነው እሱ ነው፤ ውዱ ጊዜ አልጋ ላይ ያልቃል።

የያሬድ እግር

አሁን ወደ ኋላ እንሂድ። ስለ ቅዱስ ያሬድ ከልጅነታችሁ ጀምሮ የሰማችሁት ትውፊት አለ። ነገሩ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአክሱም፣ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ነው። ያሬድ ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ በእጁ የያዘውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደም ፈሰሰ፤ ዜማው እስኪያልቅ ግን ያሬድም ንጉሡም አላስተዋሉም።

ይህ ትውፊት ነው፤ እንደ ላቦራቶሪ መዝገብ አይነበብም። ግን ታሪኩን ትውልድ ለትውልድ ያቀበሉት ሰዎች አንድ ነገር አስተውለዋል ማለት ነው፦ ዜማ ከጆሮ አልፎ አካል ላይ ይሠራል።

ይህ ግንዛቤ በቃል ብቻ አልቀረም፤ አቋቋም የሚባል ትምህርት ሆኗል። ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ መጥተው ታላቅ የትምህርት ቦታ ያደረጉት ገዳም ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ እንደተማሩ ገድላቸው ይናገራል። እዚያም ሆነ በሌሎች አድባራትና ገዳማት የሚዜመው የያሬድ ዜማ ነው። የአቋቋሙን ቅደም ተከተል ደግሞ እንደ መሐንዲስ እዩልኝ። መጀመሪያ ቁም አለ፤ ያለ መሣሪያ ይዜማል። ቀጥሎ ዝማሜ፤ መቋሚያ ተይዞ ሰውነት በዝግታ ይወዛወዛል። ከዚያ መረግድ፤ ከበሮና ጽናጽል ይገባሉ። በመጨረሻ ጽፋት፤ ጭብጨባ ይጨመራል፣ ፍጥነቱም ያድጋል። ማንም «አሁን ፍጠኑ» ብሎ አያዝም፤ ከበሮው ሲፈጥን እግሩ ይፈጥናል።

መቋሚያዋንም አትርሷት። ሌሊቱን ሙሉ ለሚቆም አዛውንት ደገፍ የሚልባት ምርኩዝ ናት፤ በዚያው ምት ትጠብቃለች። ደገፍ ማለትና ምት መጠበቅ በአንድ ዘንግ! በኋላ እንደምታዩት ይህ ጥምረት ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥም አለ።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ታሪኩ የቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። በመውሊድና በሌሎች የዱዓ ሥርዓቶች ላይ የሚሰማውን መንዙማ አስቡ። ድቤው ይመታል፣ ጭብጨባው ይከተላል፣ ተሰብሳቢው በአንድነት ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። በአጨዳ ጊዜም ደቦው ሲወጣ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ማጭዶቹ በአንድ ምት ይሄዳሉ። ድካም ይቀንሳል፣ ዳተኛውም ሳይወድ በግድ ከሌላው ጋር እኩል ይራመዳል።

ታዲያ እነዚህ የስትሮክ ሕክምና ናቸው? አይደሉም። አንዱ ጸሎት ነው፣ አንዱ ሥራ ነው። በውስጣቸው ያለው እውቀት ግን አንድ ነው፦ ቋሚ ምት ብዙ እግሮችን ካስተባበረ፣ የአንድን ሰው ሁለት እግሮችስ አያስተባብርም ወይ? ይህን በጥያቄ መልክ አንሥቶ መለካት የሳይንስ ድርሻ ሆነ።

ከሁለት ሰዓቶች እስከ ሁለት እግሮች

እ.ኤ.አ. በ1665 ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ ታሞ አልጋ ላይ ሳለ፣ ራሱ የሠራቸውን ሁለት ባለ ፔንዱለም ሰዓቶች ይመለከት ነበር። ሰዓቶቹ የተሰቀሉት አንድ ወራጅ ላይ ነው። ፔንዱለሞቹን እንዴትም አድርጎ ቢያስጀምራቸው፣ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ተናበው፣ አንዱ ወደ ግራ ሲሄድ ሌላው ወደ ቀኝ እየሄደ በእኩል ፍጥነት ይወዛወዛሉ። ምክንያቱ በዓይን የማይታየው የወራጁ ንቅናቄ ነበር። እኛ ይህን መናበብ እንበለው። ሁለት ተወዛዋዦች በመካከላቸው ማገናኛ ካለ ይናበባሉ።

በሰው ላይ ማገናኛው ወራጅ ሳይሆን ነርቭ ነው። ከጆሮ የሚመጣው መልእክት ወደ «መስሚያው» የአንጎል ክፍል ብቻ አይሄድም፤ በአንጎል ግንድ በኩል ወደ ሕብለ ሰረሰርና ወደ ጡንቻ የሚወስድ አቋራጭም አለው። ድንገት በር ሲጋጭ ሳታስቡት ክው የምትሉት በዚህ መንገድ ነው። በኤምአርአይ ሲታይም፣ ሰዎች ሳይንቀሳቀሱ ምት ሲያዳምጡ እንኳ እንቅስቃሴን የሚያቅዱት የአንጎል ክፍሎች ይነቃሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ምት ይተነበያል። ሦስት አራት ጊዜ ከሰማችሁ በኋላ ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ አንጎላችሁ ያውቃል፤ ስለዚህ ጡንቻን አስቀድሞ ያሰናዳል። የተበላሸው የውስጥ ሰዓት ከውጭ ሰዓት ተበደረ ማለት ነው።

በሕክምናው በኩል ታሪኩ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን ሙዚቀኞች ለቁስለኞች በየሆስፒታሉ ይጫወቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 በአሜሪካ ሚሺገን የመጀመሪያው የሙዚቃ ሕክምና የዲግሪ ትምህርት ተከፈተ። ያኔ ግን ሙዚቃ የሚፈለገው በአመዛኙ ለመንፈስ መጽናኛ ነበር። ወደ እግር ያወረዱት በ1990ዎቹ በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ማይክል ታውትና ባልደረቦቹ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተሙት ጥናት ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ከሙዚቃውም በላይ ስለ ሳይንስ አሠራር ያስተምራልና። ስትሮክ ያገኛቸውን 20 ሰዎች ለሁለት ከፈሏቸው። 10ሩ የተለመደውን የመራመድ ልምምድ ሠሩ፤ 10ሩ ያንኑ ልምምድ በምት ታጅበው ሠሩ። ከ6 ሳምንት በኋላ ባለ ምቶቹ የእርምጃ ፍጥነታቸው በ164 በመቶ ጨመረ። ይገርማል አይደል? ግን ቆዩ! ያለ ምት የሠሩትም በ107 በመቶ ጨምረዋል። ሁለተኛው ቡድን ባይኖር ኖሮ 164ቱን ሁሉ ለሙዚቃው እንሰጠው ነበር። ከስትሮክ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት አካል በራሱም፣ በተለመደው ልምምድም ይሻሻላል። የምቱ ድርሻ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። በእርምጃ ርዝመት ልዩነቱ የጎላ ነበር፦ 88 በመቶ በ34።

20 ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ሌሎች ደጋገሙት። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ የአንጎል ጉዳት በደረሰባቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ 29 ሙከራዎችን፣ በድምሩ 775 ተሳታፊዎችን መርምሮ ሙዚቃ በተለይ ለእርምጃ ሊጠቅም እንደሚችል ደምድሟል። «ሊጠቅም ይችላል» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። ተአምር አላለም።

እንዴት ይሠራል?

ዘዴው ቀላል ነው፤ ሥራው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፊዚዮቴራፒስቱ መጀመሪያ ታማሚው ያለ ምንም ምት በደቂቃ ስንት እርምጃ እንደሚራመድ ይቆጥራል። 50 እርምጃ ነው እንበል። 60 ሰከንድ ለ50 ሲካፈል 1.2 ነው፤ ስለዚህ ሜትሮኖሙ በየ1.2 ሰከንዱ እንዲመታ ይደረጋል። መጀመሪያ ታማሚውን ራሱ ያለበት ቦታ ላይ ታገኙታላችሁ ማለት ነው። እግሩ ከምቱ ጋር ሲናበብ ፍጥነቱ በ5 በመቶ ያድጋል፤ 52.5 እርምጃ፣ በየ1.14 ሰከንዱ። ሲለምደው ደግሞ ጥቂት ይጨመራል። በመጨረሻ ምቱ እየተቀነሰ ይጠፋና እግሩ ብቻውን ይዞት እንደሄደ ይታያል።

አሁን መረግድና ጽፋትን አስታውሱ። ቀስ ብሎ ጀምሮ አካል ሲናበብ ማፍጠን! ልዩነቱ ሊቃውንቱ ይህን የሚያደርጉት ለምስጋና፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ደግሞ በቁጥር እየለካ መሆኑ ነው።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ የትኛው ሙዚቃ? አምባሰል በዝግታ፣ ያለ ጥብቅ ምት ሲንጎራጎር ልብን ይወስዳል፤ እግርን ግን አያራምድም፤ እግር መቼ መውረድ እንዳለበት አይነግረውምና። ለእግር የሚሆነው የጠራ፣ የማይዛነፍ ምት ነው። በብዙ ዘፈኖቻችን የምንሰማው ችክችካ ስድስት ንኡሳን ምቶች አሉት። በሦስት በሦስት ስትከፍሏቸው ሁለት ዋና ምቶች ታገኛላችሁ፦ ግራ፣ ቀኝ። ግን እነዚያኑ ስድስቱን በሁለት በሁለት የሚከፍል ጆሮም አለ፤ ያኔ ሦስት ምት ይሆንና ሁለት እግር ይደናገራል። ስለዚህ ዘፈኑን ከመምረጥ በፊት አብሮ ማጨብጨብ ነው፤ ታማሚው እጅ የሚያገኘው የትኛውን ምት ነው? ከበሮም ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ወፍራም፣ ጠባቡ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ወፍራሙን ለደከመው እግር፣ ቀጭኑን ለደህናው ብንመድብስ? ይህ የኔ ሐሳብ ነው፤ ሐሳብ ደግሞ እስኪለካ ሐሳብ ነው።

እግር ብቻ አይደለም፣ አንደበትም

እ.ኤ.አ. በ1745 ስዊድናዊው ኦሎፍ ዳሊን ስለ አንድ ሰው ጻፈ። ሰውዬው በድንገተኛ ሕመም ቀኝ ጎኑ ደከመ፣ መናገርም ተሳነው፤ «አዎ» ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም። ከመታመሙ በፊት የሚያውቃቸውን መዝሙሮች ግን ጥርት አድርጎ ይዘምር ነበር። ጸሎትም በምት እያስኬደ ይደግም ነበር።

ይህን በአገራችንም ልታዩት ትችላላችሁ። ውሃ ለመጠየቅ ቃል የሚያጥራት እናት አቡነ ዘበሰማያትን ወይም ፋቲሓን ከጫፍ ጫፍ ልትወጣው ትችላለች። ቤተሰብ ይህን ሲሰማ ወይ «ዳነች!» ይላል፣ ወይ «ስትፈልግ ነው የምትናገረው» ብሎ ይቀየማታል። ሁለቱም ስህተት ነው። አዲስ ዓረፍተ ነገር መመሥረት ለአብዛኛው ሰው የግራ አንጎል ሥራ ነው፤ በቃል የተያዘ ዜማና ጸሎት ግን ሌሎች መንገዶችንም ይጠቀማል። አንዱ መንገድ ተዘጋ፣ ሌላው ክፍት ቀረ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1973 ቦስተን ውስጥ አልበርት፣ ስፓርክስና ሄልም የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ክፍት መንገድ ለመጠቀም ዘዴ አቀረቡ። ታማሚው አጭር ዓረፍተ ነገርን በዜማ ይላል፤ ለምሳሌ «ው–ሃ–ስ–ጡኝ»፤ ለእያንዳንዱ ክፍለ ቃል በግራ እጁ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ መታ ያደርጋል። ዜማው ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ ንግግሩ ይቀራል። ለረጅም ጊዜ ዋናው ረዳት ዜማው ነው ተብሎ ሲታመን ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን በ17 ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ግን ድርሻው በአመዛኙ የምቱ ሆኖ አገኘው። ዳሊን ከ260 ዓመታት በላይ ቀድሞ «በምት ይደግም ነበር» ብሎ የጻፈው እንዲያው ለጌጥ አልነበረም።

አምባሰልስ ምን ሥራ አለው?

ለእግር አይሆንም ስላልኩ አልጣልኩትም። እ.ኤ.አ. በ2008 በሄልሲንኪ በ60 የስትሮክ ታማሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ታትሟል። አንዱ ቡድን በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት ራሱ የመረጠውን ሙዚቃ ለሁለት ወር አዳመጠ። ሁለተኛው በድምፅ የተነበበ መጽሐፍ አዳመጠ። ሦስተኛው ከተለመደው ሕክምና በቀር ምንም አልተጨመረለትም። ከሦስት ወር በኋላ ሙዚቃ ያዳመጡት በቃላት ትውስታና ትኩረት በማድረግ የተሻለ ውጤት አሳዩ፤ ድብርታቸውም ቀለል ያለ ነበር።

ቁልፉ «ራሱ የመረጠውን» የሚለው ነው። አምባሰል አገር ላደገ ሰው ያ ሙዚቃ ምን እንደሚሆን ገምቱ። ቅኝቱ አምስት ድምፆች አሉት፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጣም ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ደግሞ ሰፊ ዝላይ ነው። ከሕዝቡ ጆሮ ጋር አብሮ ያደገ ድምፅ ነው። ለእግሩ ከበሮውን፣ ለልቡ አምባሰሉን ብትሰጡት ለሁለቱም የየድርሻቸውን ሰጣችሁት።

ከመዝጋቴ በፊት

አራት ነገሮችን ያዙልኝ። አንደኛ፣ ሙዚቃ የመጀመሪያ እርዳታ አይደለም። አፉ በአንድ በኩል የተጣመመ፣ አንድ እጁ የዛለ ወይም ንግግሩ በድንገት የተኮላተፈ ሰው ካያችሁ፣ «እስኪ ይረፍ» ሳትሉ በዚያች ደቂቃ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ነው። ሁለተኛ፣ የስትሮክ ዋነኛ መንስኤ የደም ግፊት ነው፤ ግፊት ደግሞ ዝም ብሎ ነው የሚሠራው። ወላጆቻችሁን አስለኩ። ሦስተኛ፣ በምት ማራመድ በፊዚዮቴራፒስት ምክር ይጀመር፤ መውደቅ ያገኘውን ሁሉ መልሶ ሊወስድ ይችላል። ደጋፊ በደከመው ጎን በኩል ይቁም፣ ምርኩዝም ይኑር። አራተኛ፣ የሐኪሙን ሥራ ለሐኪሙ ትታችሁ መቁጠሩን እናንተ ውሰዱት። በየሳምንቱ አንድ ቀን አንድ ደቂቃ ቆጥራችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ስልካችሁ ውስጥ ሜትሮኖምም፣ እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰርም አለ።

የሐይቅ ሊቃውንት እግር ከበሮን እንደሚከተል ያውቃሉ፤ በስንት በመቶ ብለው ግን አልጠየቁም፤ ሥራቸውም አልነበረም። የኮሎራዶዎቹ በመቶውን ለኩ፤ የእነሱ ሜትሮኖም ግን መረግድን አያውቅም። ሁለቱንም የሚያውቅ ሰው የሚገኘው ከናንተ መካከል ነው። ቤታችሁ ውስጥ መነሣት የሚፈልግ አጎት ካለ፣ ነገ ጠዋት አጠገቡ ቁጭ በሉና የሚወደውን ዘፈን ክፈቱለት። ቀድማችሁ አታጨብጭቡ፤ እጁ የትኛውን ምት እንደሚያገኝ እዩ። ከዚያ ቁጠሩ።